የደርና ዝናብ

ፊቤ ባሏ ሲዋሽ የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ፊቷን ስትታጠብ ነው። ቲቶ ከሱቁ በኩል ባዶ የዳቦ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ከአባቷ ጋር ያወራል። “አዎ አባባ፣ ሬሳው ተገኝቷል። የኛው አገር ልጆች ናቸው በጸሎት የቀበሩት። ስሙም ተጽፎበታል። አብሮት ይኖር የነበረው ሰው እዚህ ጆበርግ ገብቶ በአፉ ነግሮናል” አለ።  ከዚያ የአባቷ ድምፅ ከሆሳዕና ማዶ፣ ከዚያ ሁሉ አገር አልፎ ደክሞ መጣ። “መቃብሩን በዓይኑ አይቷል?” “ራሱ ነው አፈር ያለበሰው” አለ ቲቶ።

ፊቤ ውኃው በእጆቿ ውስጥ እንዳለ ቆመች። ከተባለው ውስጥ እውነቱ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዱካሞ የሚባል ሰው፣ ከወንድሟ ከሲላስ ጋር ሊቢያ ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርቶ የኖረ፣ ከአሥር ቀን በፊት በሞዛምቢክ በኩል ጆሃንስበርግ ገብቷል። ግን እሷም ሆነች ቲቶ ገና በዓይናቸው አላዩትም። በስልክ ሁለት ጊዜ ያወራችው እሷ ናት፤ ሁለቱንም ጊዜ “በአካል ብንገናኝ ይሻላል” ብሎ ዘግቶባታል። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ዮቪል በሚባለው የከተማው ሰፈር ልታገኘው ቀጠሮ አላት። ባሏ የሰውየውን ምስክርነት ሳይሰማው ቀድሞ መስክሮበታል።

ፊቷን ሳታደርቅ ወደ ሱቁ ወጣች። ቲቶ ቀና ብሎ አላያትም። በብረት ፍርግርጉ ማዶ የትምህርት ቤት ጃኬት የለበሰች ልጅ ቆማ ስለነበር ፊቤ ዳቦውን አውርዳ ሰጠቻት፤ አሥራ ስምንት ራንድ ተቀበለች። ልጅቷ ስትሄድ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሱቁ ከከተማው ወጣ ባለችው በካትሌሆንግ ሰፈር የአከራያቸው የመኪና ማቆሚያ የነበረ ነው፤ ግድግዳው በአንድ በኩል የበቆሎ ዱቄት፣ በሌላው ሳሙናና ሻማ ተደርድሮበታል፤ በመካከሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለመቆም ትከሻ ለትከሻ መነካካት አለበት። እነሱ ግን ያን ጠዋት ሳይነካኩ ቆሙ። በመጨረሻ ቲቶ ለሳሙናዎቹ እንደሚናገር ሁሉ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ “ነገ ድንኳን ይተክላሉ” አለ። “ዘጠኝ ወር ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር እናትሽ ከመኝታዋ ትነሣለች። አንዱ ቤንጋዚ እስር ቤት አየሁት ይላቸዋል፣ ሌላው ማልታ ገብቷል ይላቸዋል፤ እነሱም ይጾማሉ፣ ይጠብቃሉ። በቃ የሚላቸው ሰው ጠፋ። እኔ አልኳቸው።” ፊቤ ከመደርደሪያው ሁለት ቆርቆሮ ዓሣ፣ አንድ ዳቦ አወረደች፤ ከጓዳ የቲቶን ወፍራም ሹራብ ጨመረችበት፤ ጋቢዋን ከካፖርቷ በላይ ደርባ ወጣች። የሰኔ ብርድ ነው፤ እዚህ አገር ክረምቱ ዝናብ የለውም፣ ደረቅ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል።

ታክሲው ውስጥ ከኋላ ወንበር መስኮቱ ዳር ተቀመጠች። ሂሳቡ ከኋላ ወደ ፊት በሰው እጅ ሲተላለፍ የእሷንም ሰጠች፤ መልሱ ተመልሶ ሲመጣ ጎኗ ያሉት ሴትዮ “ኩያባንዳ” አሏት፣ ብርድ ነው። እሷም “ኩያባንዳ፣ ማማ” አለች። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ እስከ ከተማ ድረስ ሲያወሩ እሷ ግን አልሰማችም። ስልኳን አውጥታ ዘወትር የምታየውን የሊቢያ ካርታ ከፈተች። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን ያቋረጠች፣ ስለ አየር ጠባይ ዝናብ መጣ ሄደ ከማለት በቀር የማታውቅ ሴት፣ ባለፈው ዘጠኝ ወር ውስጥ ሲላስ ስለጠፋበት ማዕበል ያላነበበችው የለም። የሜዲትራኒያን ባሕር በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ከርሞ፣ በመስከረም መግቢያ ግድም እንደ ሞቃታማው ውቅያኖስ አውሎ ነፋስ በመሃሉ ዓይን ያለው ማዕበል አንዳንዴ እንደሚወልድ አውቃለች። ሜዲኬን ይሉታል። ይኼኛውን ዳንኤል ብለውታል። መጀመሪያ ግሪክን አጥለቀለቀ፤ መንደሮችን ከነከብቶቻቸው በላ፤ ከዚያ ሰዎቹ አለፈ ሲሉ ባሕሩ ላይ ቀናት ቆይቶ፣ ከሞቀው ውኃ ጉልበት ጠጥቶ፣ ወደ ሊቢያ ዞረ። እሑድ፣ ጳጉሜ አምስት ቀን፣ ቤንጋዚ አካባቢ የብስ ረገጠ። ደርና የምትባለው ከተማ በተራራና በባሕር መካከል ናት፤ በመሃሏ በጋ ከክረምት ደርቆ የሚኖር ሸለቆ ያልፋል፤ ከሸለቆው በላይ ሁለት ግድቦች ነበሩ። ጳጉሜ ስድስት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሁለቱም ተደረመሱ። የከተማዋን አንድ አራተኛ ጠርጎ ባሕር ከተተው። ስንት ሺህ ሰው እንደሞተ የሚቆጥሩት እንኳ እስካሁን አልተስማሙም። ለአዲስ ዓመት አንድ ቀን ቀርቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ቲቶም ያውቃል። የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እሑድ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ የሊቢያና የጆሃንስበርግ ሰዓት አንድ ስለሆነ በእሷም አንድ ሰዓት ላይ፣ ሲላስ ደውሎላት ነበር። ቲቶ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ እሷ ብቻዋን ሱቅ ነበረች። “ዝናቡ ሌላ ነው ፊቤ፣ ነፋሱ ቆርቆሮ ይነቅላል። ጓደኛዬ የምንሠራበት ሕንፃ ኮረብታ ላይ ነው፣ እዚያ እንደር ይለኛል። ምን ትያለሽ?” አላት። ፊቤ አሥራ አንድ ዓመት በዚህ አገር ስትኖር የተማረችው አንድ ጥበብ አለ፤ የመጤ ሱቅ የሚዘርፍ ግርግር ሲመጣ በር ዝጋ፣ መብራት አጥፋ፣ አትውጣ። ሁለት ጊዜ ነፍሷን ያተረፈው ይኼ ነው። “ወረቀት የለህ፣ መንገድ ላይ ፍተሻ ቢይዝህስ? ዝናብ ነው፣ ያልፋል። ከቤትህ እንዳትወጣ፣ አርፈህ ተኛ” አለችው። “እሺ” አላት። ደንበኛ መጥቶ ስለነበር ቻው ሳትለው ዘጋችው።

ዮቪል ውስጥ ዱካሞ የነገራት ክፍል ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ከቆመ ዓመታት ስለሆነው በሩ ላይ ሰው ልብሱን አስጥቶበታል። ደረጃው የተጠበሰ ሽንኩርትና ነዳጅ ይሸታል። በሩን የከፈተላት ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ጺሙ የተንጨባረረ፣ ቀጭን ሰው ነው። ሲያያት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። “ዓይንሽ የሱ ነው” አለ፤ ከዚያ ያፈረ መስሎ ጎንበስ ብሎ ጨበጣት። አንዱ ክፍል በካርቶንና በአንሶላ ለአራት ተከፍሏል፤ የሱ ድርሻ አንድ ፍራሽና ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የሚሸጣቸው ካልሲዎችና ቀበቶዎች ናቸው። ወንበር አልነበረውም። የቀለም ባልዲ ገልብጦ በፎጣ ጠረገላት፤ እሱ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ይዛ የመጣችውን ሰጠችው። ሹራቡን እዚያው ደረበው፤ ዳቦውን ከጎኑ አስቀምጦ በእጁ ይነካካዋል። ከአንሶላው ማዶ አንድ ሰው በስልክ መዝሙር እየሰማ ነበር፤ ንግግር መጀመራቸውን ሲሰማ ዘጋውና ጫማውን አድርጎ ወጣላቸው።

“ከየት ልጀምርልሽ” አለ ዱካሞ።

“ከእሑድ።”

“እሑድ ሥራ አልነበረም። ቀን ጠርቶ ነበር፣ ማታውን ነው የባሰው። ቤታችን ምድር ቤት ነበረች፣ ሸለቆው አጠገብ። እኔ የምተኛበት ጥግ ጣራው ያፈሳል። ሰው አሁን ጌታ አስጠንቅቆህ ነው የወጣኸው ይለኛል። ውሸት ነው፤ ፍራሼ ስለራሰ ነው የወጣሁት። ሲላስ የተኛበት በኩል ደረቅ ነበር። ና እንሂድ አልኩት። ቆይ ልደውል ብሎ ደረጃው ሥር ቆሞ ደወለ። ሲመለስ ይስቃል። ‘እህቴ አትውጣ ብላኛለች፤ ከእሷ ቃል ብወጣ ለአውዳመት አትደውልልኝም’ አለኝ።” ዱካሞ ዳቦውን ትቶ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ከተተ። “ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አገር ቤት ያለችዋ እህታችሁ ትመስለኛለች፣ ማራናታ ይላት የነበረችው። እባክሽ እንዳትነግሪያት። ሰው ይህን ሰምቶ አይኖርም።”

በመስኮቱ በታች አንዲት ሴት አቮካዶ እየጠራች ትሸጣለች፤ ሁለቱ በአሥር፣ ሁለቱ በአሥር። ፊቤ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀች።

“እኔ ነኝ” አለች።

ዱካሞ ቀስ ብሎ ቀና አለ። አይዞሽም አላላትም፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነውም አላላትም። “እኔም ክንዱን አልያዝኩትም” አለ። “አንድ ጊዜ ብቻ ነው ና ያልኩት። ሁለተኛ ብለው ይመጣ ነበር። ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ሄድኩ።”

ጠዋት ከኮረብታው ሲወርድ ያየውን ሲነግራት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሥራ ሪፖርት ነበር የተናገረው። ሰፈሩ ፈርሶ አልነበረም፤ የለም ነበር። ቤቱ የነበረበትን እንኳ ለይቶ መቆም አልቻለም፣ ጭቃና አለት ብቻ ነው። ሦስት ቀን በየሆስፒታሉ ደጅ፣ በየመንገዱ ዳር በብርድ ልብስ የተሸፈኑትን እየገለጠ ፈለገ። ባሕሩ የወሰዳቸውን እየመለሰ ነበር። በአራተኛው ቀን ፊት የሚለይበት ጊዜ አለፈ። “ያኔ የሚቀብር ሰው ይፈለግ ነበር። ወረቀት አለህ ወይ የሚለኝ አልነበረም፤ ጓንትና ጭንብል ሰጡኝ። ከከተማ ውጭ በመኪና እያመጡ ነው፣ ረጅም ጉድጓድ ነው። ከእነዚህ አንዱ እሱ ይሆናል አልኩ። የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም እንደ ሲላስ አድርጌ ያዝኩ። አልወረወርኩም። በራስጌም በግርጌም ይዘን ነው ያስተኛናቸው። ኢማሙ ይሰግድባቸዋል፣ እኔ በልቤ አባታችን ሆይ እላለሁ። መጀመሪያ እቆጥር ነበር፣ ኋላ ተውኩት።”

“መቃብሩ ስም አለው?”

“ቁጥር ነው። የሱ ይሁን አይሁን ደግሞ አላውቅም እህቴ። ባሕር ውስጥም ሊሆን ይችላል። ቀበርኩት ብዬ እንድነግርሽ ብለሽ ከሆነ የመጣሽው፣ አልችልም።”

“ለዚያ አይደለም የመጣሁት” አለች። ግን ምናልባት ለዚያ ነበር። ያየውን ራሱ ለአባቷ በስልክ እንዲነግርላት ለመነችው፤ እሱም እምቢ ማለት እንደማያውቅ ሰው ግራ ገብቶት እጆቹን አየ። “አባትየውንስ አልችልም” አለ። ስትወጣ እስከ ታች ድረስ ሸኛት፤ የዮቪል መንገድ በቅዳሜ ሰው ተሞልቶ፣ በቆሎ የሚጠብሰው፣ ጸጉር የምትሠራው፣ ሁሉም ይጣራል። ታክሲው እስኪሞላ መስኮቱ ሥር ቆመ። ሲነሣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀረ።

ካትሌሆንግ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። ቅዳሜ ከሰዓት የሱቁ ትልቅ ሰዓት ነው፤ ፍርግርጉ ማዶ ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፎ ቲቶ ብቻውን ዳቦ ያወርዳል፣ የስልክ ካርድ ይሸጣል፣ “ሳንቦናኒ” እያለ ሰላም ይላል። ከኋላ ገብታ አጠገቡ ቆመች። ሥራው ላይ እንዳለ በዓይኑ ጠየቃት። “መቃብር የለም” አለች በአማርኛ፣ ስኳር እየሰጠች። “አውቃለሁ” አለ። አንድ ደንበኛ ሸኙ። “ድንኳኑን ከማኅበሩ ቤት አውጥተዋል፤ ወንበርም አሰባስበዋል። ማራናታ ደውላ ነበር” አለ። ሌላ ደንበኛ ሸኙ። “ፊቤ፣ እባክሽ። እናትሽ ዛሬ ምሳ በልታለች አሉኝ።” እውነት ለመናገር ይህን ስትሰማ ልቧ ተከፈለ። እናቷ መብላቷን ከሰማች ስንት ጊዜ ሆናት? ውሸቱ በአንድ ቀን ያደረገው ነገር እሷ በዘጠኝ ወር ያላደረገችው ነው። ስኳሩን አስቀምጣ፣ መጋረጃውን ገልጣ ጓዳ ገባች፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ብዙ ጊዜ አገላበጠችው።

ቲቶ የወላይታ ልጅ ስለሆነ ከአባቷ ጋር በአማርኛ ነው የሚነጋገረው፤ እሷ ግን በሃዲይኛ ደወለች። አባቷ በመጀመሪያው ጥሪ አነሱት። ዙሪያቸው ሰው አለ፤ ወንበር የሚጎትት ሰው ድምፅ ይሰማል። “አባባ፣ ብቻህን ሁን” አለቻቸው። ልጆቻቸው ሁሉ አንተ ነው የሚሏቸው። ሲራመዱ፣ ሲያስሉ፣ ግቢውን ሲያቋርጡ ሰማች። “ሆንኩ” አሏት።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ቲቶ ጠዋት ያላቸው እንዳልሆነ፣ ለክፋት እንዳላደረገው፣ ሬሳው እንዳልተገኘ፣ የዱካሞን ጉድጓድ፣ ቁጥሩን፣ በራስጌና በግርጌ ተይዘው መተኛታቸውን። አባቷ መሃል አልገቡም። ሲያልቅ ግን አላለቀም ነበር፤ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። “አባባ፣ ያን ማታ ደውሎልኝ ነበር። ልውጣ ወይ አለኝ። አትውጣ ያልኩት እኔ ነኝ።”

 ተቋርጦ ይሆን ብላ የስልኩን ፊት አየች፤ ሰከንዱ ይቆጥራል። መተንፈሳቸውን ሰማች።

“እኛ እኮ” አሉ በመጨረሻ፣ “የፈራንለት የውኃ ጥሙን ነበር። በረሃ ነው የሚያልፈው ስላሉን፣ እናትሽና እኔ ማታ ማታ ስንጸልይ ውኃ አታሳጣው ነበር የምንለው። ሌላ አላልንም። ውኃ አታሳጣው።” ድምፃቸው እዚያ ላይ ተሰበረ። ፊቤ አባቷ ሲያለቅሱ ሰምታ አታውቅም፤ ሲያለቅሱ የሳቁ ያህል አጭር ድምፅ ነው ያላቸው።

ቆይተው “የሰውየው ስም ማን ነው? የአባቱስ?” አሉ። ነገረቻቸው። “ዱካሞ” ብለው ደገሙት፣ እንዳይረሱት። “ነገ ለቀስተኛው ሲሰበሰብ እኔው እናገራለሁ። መቃብር የለውም፣ ወይም ከብዙ ሰው ጋር አንድ ላይ ነው እላለሁ። ዱካሞ የሚባል ሰው እንዳልጣላቸው እናገራለሁ። ለእናትሽም ዛሬውኑ እነግራታለሁ፤ ትችለዋለች፤ ያልቻለችው መጠበቁን ነው። ባልሽን አትቆጪው።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ያችኛዋን ግን፣ የስልኳን፣ ለእናትሽ አትንገሪያት። ለማንም። እኔና አንቺ እንያዛት።”

“ለሁለት ትከብዳለች አባባ።”

“ለአንድ ከምትከብደው ታንሳለች” አሉ፤ ሰው ጠርቷቸው ነበርና ዘጉ።

ፊቤ ከአልጋው ጠርዝ ወደ መሬት የወረደችው መች እንደሆነ አታውቅም። ጩኸቱም ከእሷ እየወጣ መሆኑን ያወቀችው ቲቶ መጋረጃውን ገንጥሎ ሲገባ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ አላለቀሰችም፤ ያለቀሰች እንደሆነ ሞቱን ያረጋገጠች፣ ሞቱን ያረጋገጠች እንደሆነ ያደረገችውን ያመነች ይመስላት ነበር። አሁን እንደ አገሯ ሴቶች ስሙን እየጠራች፣ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ቲቶ እጆቿን ሊይዝ ሞከረ፤ ኋላ ተወና አጠገቧ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ።

ከሱቁ በኩል ደንበኞቹ ፍርግርጉን በሳንቲም ያንኳኩ ጀመር። “ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ፣ ብሬድ!” ቲቶ ተነሥቶ ወጣ። የቅዳሜ ከሰዓት ነውና የሱቁን መዝጊያ ቆርቆሮ ሲያወርደው ሰዎቹ ተቆጡ። አንዱ “ምን ሆናችሁ?” አለ በዙሉ። ቲቶ ያወረደውን ቆርቆሮ በእጁ እንደያዘ “ኡሾኒሌ ኡቡቲ ዋኬ” አለ፣ ወንድሟ አርፏል። ጫጫታው ቆመ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ሲሄዱ የእግራቸው ኮቴ በጠጠሩ ላይ ተሰማ።

አንዲት አሮጊት ግን አልሄዱም። በቆርቆሮው ማዶ ቆመው፣ እዚያ መንደር ሰው ሲሞት ሁሉም ለሁሉም የሚለውን ቃል አሉ፣ “አክዌህላንጋ ሉንጌህላንጋ”፤ በሰው ላይ ደርሶ የማያውቅ ነገር አልደረሰም ማለት ነው። ፊቤ ያን ቃል በሌሎች ለቅሶ ደጅ ስታልፍ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። መሬት ላይ እንደተቀመጠች አዳመጠችው። ለእሷ ሲባል ይህ የመጀመሪያው ነው።